ቫዮሊኑን ለድሬ ልጅ ተዉለት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ነበር። ቫዮሊን እንደምወድ የሚያውቅ ሁሉ «ይሄን አየህ?» እያለ ለእኔም ላከልኝ። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ድሬዳዋ ላይ ልጁን ቫዮሊን ለማስተማር የሚለፋ ወላጅ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለምን? መሣሪያው የፈረንጅ ነው፣ የእኛን ቅኝት አያወጣም፣ መሰንቆን ይገፋል፣ በአምስት ዓመቱ ያልጀመረና ውድ ዕቃ የሌለው ሰው አይሆንለትም፣ የድሬን ሙቀት አይችልም፣ በር ዘግቶ ለብቻ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ከድሬ ሰው ጠባይ ጋር አይሄድም፣ በመጨረሻም እንጀራ አይሆንም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም። ግን በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ነው የማወራው፣ ቅር እንዳይልህ። ለመሰንቆ ያለህ ፍቅር እውነተኛ እንደሆነ ጽሑፍህ ያስታውቃል። እኔም እወደዋለሁ። ያንን ፍቅር ይዘህ ልጅ እጅ ላይ ያለ መሣሪያ ለማስጣል ስትነሳ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ከ«የፈረንጅ ነው» ልጀምር። ሌላው ክርክርህ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነውና።

አዎ፣ ቫዮሊን ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ነው። ክሬሞና የምትባለው ከተማ፣ ቫዮሊን ሠሪው አንድሪያ አማቲ፣ ከሱ በኋላ የመጣው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ፣ ይሄን የሚክድ የለም። ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ። ክርን በደጋን እየፈተጉ ማስጮህ ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው ከምሥራቅ ነው። የአረቦቹ ረባብ በስፔን በኩል አልፎ ነው እዚያ ዘር ያፈራው። ስለዚህ ጣሊያኖቹም የሰው ነገር ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። አንተ «የነሱ» ብለህ የምታጥረው መሣሪያ አያቱ ከእኛ ከባሕሩ ማዶ የመጣ ነው።

ደግሞ ይሄን ክርክር የምታነሳው ድሬ ላይ ነው፣ አቦ! ይቺ ከተማ እንዴት እንደተቆረቆረች እናውቃለን። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረርን አስቦ መጣ፣ ተራራውን መውጣት ከበደው፣ ሜዳው ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋን «አዲስ ሐረር» አሏት። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ የመኑም፣ ፈረንሳዩም በዚያው ሐዲድና በዚያው ንግድ መጥቶ ከዚራና መጋላ በሚባሉት ሰፈሮች ሰፈረ። እኛ የመጣውን ሁሉ «ከየት ነህ?» እያልን ብንመልስ ኖሮ ድሬ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር።

ኡድን ተመልከት። ኡድ ባለ ክር የአረብ መሣሪያ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ውስጥ የ«አፍረን ቀሎ» የሙዚቃ ቡድን ልጆች ሲነሱ ኡድ አብሯቸው ነበር። ከመሀላቸው የወጣው አሊ ቢራ፣ የድሬ ልጅ፣ ያንን ኡድ ይዞ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአረብኛ ዘፈነበት። በ2015 ሲያርፍ አገር ሁሉ አለቀሰ። እስቲ ያኔ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ «ልጄ፣ ኡድ የሰው ነው፣ ተወው፣ የኛን አንሳ» ብሎ ቢያስጥለው ኖሮ ምን እናጣ ነበር? አንተ በጽሑፍህ አሊን አድንቀሃል፣ በትክክል። ለኡድ የፈቀድከውን ለቫዮሊን የምትከለክለው በምን ሚዛን ነው?

ሁለተኛው ነጥብህ ቫዮሊን የእኛን ቅኝት አያወጣም የሚለው ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም ካንተ ጋር እቆም ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጊታር አንገት ላይ የተተከሉ የብረት መስመሮች አሉ። ጣትህን መስመሩ አጠገብ የትም አሳርፈው፣ ድምፁን የሚወስነው መስመሩ ነው። ፒያኖና ኪቦርድ ይብሳሉ። ከአንዱ ድምፅ እስከ ከፍተኛው እጥፉ ድረስ ያለውን ርቀት በ12 እኩል ቦታ ከፍለው ቆልፈውታል። በሁለት ቁልፎች መሀል ያለው ድምፅ ለነሱ የለም፣ አለቀ። ቫዮሊን አንገት ላይ ግን ምንም የለም። ልሙጥ ጥቁር እንጨት ብቻ ነው። ጣትህ ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ነው፣ ትንሽ ከፍ ብትል ሌላ፣ ትንሽ ዝቅ ብትል ሌላ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ብትንሸራተትም መንገዱ ክፍት ነው። መሰንቆም እኮ እንደዚሁ ነው። አንድ ክር፣ መስመር የሌለው አንገት፣ ደጋን፣ የሰው ጆሮ። የመሰንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ የቫዮሊኑ ደጋን ላይ የተወጠረውም የፈረስ ጭራ ነው። እንዲይዝ ሙጫ የሚቀባው ሁለቱም ነው።

አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝታችንን አስብ። ኪቦርድ ላይ ሲመታ ስማው፣ ከዚያ ጥሩ መሰንቆ ላይ ስማው። አንድ አይደሉም። አንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ ርቀቶች በ12ቱ እኩል ቁልፎች ላይ በትክክል አይቀመጡም፣ ኪቦርዱ ወደሚቀርበው ቁልፍ ጎትቶ ያስተካክላቸዋል፣ ያን ጊዜ የሆነ ቅመም ይጠፋል። ቫዮሊን ላይ ያንን ርቀት ማግኘት ይቻላል። ቀላል ነው አላልኩም። ጆሮው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን የጠገበ ልጅ ያገኘዋል፣ ያልጠገበ አያገኘውም። መሣሪያው ግን አይከለክለውም።

ይሄ የኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስልህ። ግብፅን እይ። መቃም የሚሉት የአረቦች የዜማ ስልት ፒያኖ ላይ የሌሉ ድምፆች አሉት፣ ሆኖም ከዘፋኟ ኡሙ ኩልሱም ኋላ የተሰለፉትን ቫዮሊኖች ያላየ የለም። የአረብ ቫዮሊን ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ከአራቱ ክሮች ሁለቱን ዝቅ አድርገው ለራሳቸው ዜማ እንዲመች ይቃኙታል። ሞሮኮ ብትሄድ ጭራሽ አያያዙንም ቀይረውታል። ትከሻቸው ላይ አያስደግፉትም፣ ጉልበታቸው ላይ አቁመው ነው የሚመቱት፣ ቁጭ ብሎ እንደሚጫወት አዝማሪ።

ደቡብ ህንድ ደግሞ አለልህ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባሉስዋሚ ዲክሺታር የሚባል ሙዚቀኛ ቫዮሊንን ከአውሮፓውያን ተማረና ወደ አገሩ ሙዚቃ አስገባው። ዛሬ እዚያ መሬት ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ የመሣሪያውን ራስ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስደግፋሉ፣ የዘፋኙን ድምፅ እግር በእግር ይከተላሉ። ያለ ቫዮሊን የሚቀርብ የደቡብ ህንድ የድምፅ ኮንሰርት ብርቅ ነው። ይሄ አሠራር አያስታውስህም? አዝማሪው ይዘፍናል፣ መሰንቆው ከአፉ እየቀማ ይከተለዋል፣ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ ብቻውን ይመልሳል። እኛ ለቫዮሊን እንግዳ አይደለንም። በደጋን የሚዘፍን ሕዝብ ነን።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፣ መሰንቆን ይገፋል ወዳልከው። እዚህ ላይ ስጋትህን እጋራለሁ፣ የተሳሳተ ሰው ነው የከሰስከው እንጂ። እስቲ የድሬ ሠርግ ላይ ማን ነው መሰንቆውን ያስወጣው? ቫዮሊን ይዞ የመጣ ሰው አይተሃል? ያስወጣው ኪቦርዱ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ከበሮውም ክራሩም መሰንቆውም ከውስጡ ይወጣል። እሱን «የፈረንጅ ነው» ብለህ ስትጽፍ አላየሁህም፣ ስለለመድነው።

ህንዶች ይሄንን ፈተና ከእኛ በፊት አይተውታል። በሰሜን ህንድ ዘፋኝን የሚከተለው ሳራንጊ የሚባል በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነበር፣ የመሰንቆ ዘመድ ልትለው ትችላለህ። እሱን ከመድረክ የገፋው ቁልፍ ያለው ሃርሞኒየም ነው እንጂ ቫዮሊን አይደለም። ለመማር ይቀላል፣ መቃኘት አያስፈልገውም፣ ድምፁ ይጎላል። ነገሩ ስላሳሰባቸው የህንድ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሃርሞኒየምን ከአየር ላይ አገደ። ዋናው ክሳቸው የተንሸራታቹን ዜማ መስመር ይቆራርጠዋል የሚል ነበር። ልብ በል፣ በዚያው ዘመን ቫዮሊን እዚያው ሬዲዮ ላይ በነፃነት ይጫወት ነበር። እገዳ ይሁን እያልኩህ አይደለም። ለቅኝት የሚያሰጋው ድምፅን የሚቆልፍ ነገር መሆኑን ያዩ ሰዎች ነበሩ ነው የምልህ፣ እነሱም ጣታቸውን ቫዮሊን ላይ አልቀሰሩም።

አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ቫዮሊንም መሰንቆም ይማሩበታል። አንዱ ሌላውን አልበላውም። እንዲያውም በደጋን የሰለጠነ እጅ ወደ ሌላው ደጋን ለመሻገር ይቀለዋል፣ ምክንያቱም ከባዱ ነገር ቀኝ እጅ ነው። ደጋኑን ምን ያህል ልጫነው፣ በምን ፍጥነት ልሳበው፣ የት ጋ ልመልሰው የሚለው። ያንን የተማረ ልጅ አንድ ቀን መሰንቆ ቢያነሳ ባዶ እጁን አይጀምርም።

በአምስት ዓመቱ ያልጀመረ አይችልም ያልከው ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የሚሰብር ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ይሄንን አንብቦ የ14 ዓመት ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ሊኖር ይችላል። ሺኒቺ ሱዙኪን ታውቀዋለህ፣ ትንንሽ ሕፃናትን ቫዮሊን በማስተማር ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው ጃፓናዊ ነው። አባቱ የቫዮሊን ፋብሪካ ነበረው፣ ግን ልጅ ሆኖ መጫወት አልተማረም። መሣሪያውን ያነሳው በ17 ዓመቱ ነው፣ የቫዮሊን ተጫዋቹን የሚሻ ኤልማንን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ስለተነካ። ትልቅ ኦርኬስትራ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጫወት ብቸኛ ኮከብ ለመሆን በልጅነት መጀመር ይጠቅማል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ሰው ሁሉ መሣሪያ የሚያነሳው ለዚያ ነው? አንድ ሰው በ30 ዓመቱ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ የትዝታ ዜማ አጥርቶ ለመጫወት ቢበቃ ምኑ ነው ከንቱ?

ስለ ዋጋውም የምታወራው የስትራዲቫሪን ዋጋ ይዘህ ነው። «ሌዲ ብለንት» የተባለችው የሱ ቫዮሊን እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፣ እሺ። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 21 ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ዓይናቸውን በጨለማ መነጽር ሸፍነው ስድስት ቫዮሊን ሞከሩ፣ ሦስቱ አዲስ፣ ሦስቱ የጥንት፣ ከጥንቶቹም ሁለቱ የስትራዲቫሪ። አብዛኞቹ የመረጡት አዲሱን ነው። ከሁሉ ያነሰ የተወደደው አንዱ ስትራዲቫሪ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ዋጋና ድምፅ አንድ አይደሉም።

በርግጥ ገበያ ላይ ያለው በጣም ርካሹ ቫዮሊን ችግር አለው፣ ይሄን ትክክል ብለሃል። መቃኛው ይንሸራተታል፣ ክሩ ከአንገቱ በጣም ይርቅና የልጅ ጣት ያሳምማል። ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሌላ ቫዮሊን መግዛት አይደለም። ክሮቹ የሚያርፉባትን ቀጭን እንጨት በልኳ መሞረድ፣ ውስጥ ያለችውን ድምፅ የምታሻግር ትንሽ ዘንግ በቦታዋ ማቆም፣ የተሻለ ክር ማድረግ ነው። እኔ የራሴን አዲስ አበባ ልኬ አሠርቼዋለሁ፣ ሌላ መሣሪያ ሆኖ ነው የተመለሰው። ስለዚህ የሚያስፈልገን የሚያስተካክል እጅ ነው።

የድሬ ሙቀት? ቼናይ ከድሬ ብትብስ እንጂ አትሻልም፣ ያውም ከወበቅ ጋር። የደቡብ ህንድ ቫዮሊን ዋና ከተማ ደግሞ እሷ ናት። ይሄ ነጥብ እዚህ ላይ ቢያበቃም ለወላጆች የሚጠቅም ነገር ልንገር። ቫዮሊን የሚጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት እንዲለቅ ሆኖ ነው የተመረጠው፣ ምክንያቱም ሠሪው ሲጠግነው እንጨቱን ሳይሰብር መክፈት አለበት። ስለዚህ ቀትር ላይ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት። ካልተጫወታችሁበት ከሳጥኑ አታውጡት፣ በደረቁ ወራት ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በቀዳዳ ፌስታል ጠቅልላችሁ ከእንጨቱ አርቃችሁ አስቀምጡ። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ የደጋኑን ፀጉር አላሉት። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን የገረመኝን ነጥብ ላንሳ። ቫዮሊን የብቸኛ ሰው ነገር ነው፣ የድሬ ሰው ደግሞ ተሰብስቦ ካልሆነ አይሆንለትም ብለሃል። ስለ ድሬ ሰው ያልከው ልክ ነው። ሐረርም ብትወጣ ያው ነው፣ ዚክሪ በሚባለው የመንፈሳዊ ዜማ ሥርዓት ላይ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው ሲነሳ ተመልካች ሆኖ የሚቀር የለም። ስለ ቫዮሊን ያልከው ግን የተሳሳተ ነው። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ቫዮሊን ነው፣ በሁለት ቡድን ተከፍሎ ሠላሳ ገደማ ሰው በአንድ እስትንፋስ ደጋን የሚስብበት ነው። ቬንዝዌላ ውስጥ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው ሥራ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው። የድሃ ሰፈር ልጆችን ለየብቻ ከማስተማር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው እንዲጫወቱ አደረገ። የቻለው ያልቻለውን ያሳያል። ፓራጓይ ካቴውራ ላይ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ከቆርቆሮና ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ቫዮሊን ይዘው ኦርኬስትራ ሆነዋል።

ደግሞ ድሬ ላይ በር ዘግቶ መለማመድ የት ይቻላል? በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል? እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ አለች፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይ በረድ ሲል ግቢ ውስጥ ትለማመዳለች። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፣ ማንም ግን ዝም በይ አላላትም። አሁን ደጅ የተቀመጡት እናቶች «ያቺን የትናንቷን ድገሚያት» ይሏታል፣ የሳተችውን ቦታ ያውቁባታል፣ ጫት የያዙት ጎረምሶች ደግሞ በእጃቸው ምት ይይዙላታል። አንተ ብቸኝነት ያልከው ነገር ይሄ ከሆነ ለሁሉም ሰፈር ይድረሰው።

እንጀራ አይሆንም ለሚለው ብዙ አልቆይበትም። ኳስም ለአብዛኛው ልጅ እንጀራ አይሆንም፣ ልጅህን ግን ከሜዳ አትከለክልም። ከዚህ ሌላ የተማሩት ነገር የት እንደሚወጣ አይታወቅም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። በ1916 የተወለዱት እኚህ እናት በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተምረዋል። በኋላም ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቀኑን ሙሉ ቫዮሊንና ፒያኖ ሲለማመዱ ኖረዋል። በቫዮሊን እንጀራ አልበሉም። የፒያኗቸው ዜማ እንደ ሰው ድምፅ የሚንሸራተት የሚመስለው ደጋን ከገራው ከዚያ ጆሮ ይሆን እላለሁ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው፣ እኔ ግን ሳዳምጣቸው ይሰማኛል።

ከጽሑፍህ ሁሉ የተስማማሁበት አንድ አንቀጽ አለ። የድሬ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መሰንቆና ክራር የሚያስተምር ሰው እንደሚያስፈልግ የጻፍከው። እሱን ለይተህ አውጣውና ለብቻው ጻፈው፣ ለሚመለከተው ሁሉ እናድርሰው፣ እኔም ስሜን እጽፍበታለሁ። ቫዮሊን የሚማሩትን ልጆች ወላጆችም አስፈርማለሁ። ታያለህ፣ መጀመሪያ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው።